ጋሽ ይልማ ሲፈልጉት የኖሩት ሰው

ጋሽ ይልማ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ፤ ሳየው የእሳቸው ቁጥር ነው። ሥራ ከለቀቁ ወራት አልፈው ስለነበር ደስ ብሎኝ «አቤት ጋሼ» ብዬ አነሳሁ። ከወዲያ በኩል የመጣው ድምፅ ግን የሴት ነበር፤ የታላቅ እህታቸው የእትዬ ብርቄ።

«ሜሮን ነሽ? ከወንድሜ ጋር ትሠሪ የነበርሽው?»

«አዎ። ምነው፣ ጋሽ ይልማ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ትናንት ቀበርነው፣ ልጄ። ልቡ ነው አሉ። ሰው አልመጣም። ድንኳኑ ባዶውን ቆሟል። ያ የእድሩን ሰው የሚጠራው ኮምፒውተር እምቢ ብሎናል። እሱ ደግሞ ‹ካስቸገረሽ ለሜሮን ደውዪ› ይለኝ ነበር። ነገ ድንኳኑ ይነሳል፤ እባክሽ ዛሬ ድረሽልኝ።»

እኔ ሐዘን ሲመጣብኝ የሚቀድመኝ ንዴት ነው። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ እስከ ቀጨኔ ድረስ በሰው ሁሉ ተናደድኩ፤ በእድሩ፣ በጎረቤቱ፣ ሳልደውልላቸው በከረምኩት በራሴም ጭምር። ዕድሜ ልኩን ሲጠራቸው የኖረን ሰው ለቅሶ የማይደርሱት ምን ሆነው ነው? ኮምፒውተር እምቢ አለ ተብሎ ሰው ይቀራል?

መሥሪያ ቤታችን አዲሱ ገበያ ውስጥ፣ ከአንድ ጎሚስታ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለመድኃኒት ቤቶችና ለትናንሽ ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም እንሠራለን። ጋሽ ይልማ ሲቀጠሩ ሁላችንንም ለመውለድ የሚበቃ ዕድሜ ነበራቸው። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ የሚታተመውን ጽሑፍ እያረሙ ነው። ኮምፒውተር የተማሩት ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ነበር፤ ያውም በራሳቸው። ከማተሚያ ቤት ይዘዋት የመጡት አንዲት የእንጨት ማስመሪያ ነበረቻቸው። ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ትእዛዝ፣ የሚያነቡት እሷን ስክሪኑ ላይ አጋድመው፣ ከመስመር ወደ መስመር እያወረዱ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ከኋላቸው ይስቁ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊት።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ እኮ ተጫረ።»

«ይጫር። ዓይኔ መስመር ከሚዘል ስክሪኑ ይጫር።»

እንዲያ ብንስቅባቸውም በአንድ ነገር የሚደርስባቸው አልነበረም፤ በሬጄክስ። ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። በሺህ በሚቆጠር የኮድ መስመር ውስጥ አንድ ነገር ፈልጎ በሌላ መተካት የዕለት ሥራችን ነው። የሚፈለገው አንድ የታወቀ ቃል ሲሆን ቀላል ነው። መልኩ ሲለያይ ግን፣ ለምሳሌ በየቦታው የተለያየ የስልክ ቁጥር ተበትኖ ሲገኝ፣ ኮምፒውተሩን «ይህን ቁጥር ፈልግ» አንለውም፤ «በዜሮ ዘጠኝ ጀምሮ ስምንት አኃዝ የሚከተለውን ሁሉ ፈልግ» እንለዋለን። ይህን የምንልበት የምልክት ቋንቋ ነው ሬጄክስ። ነጥብ «ማንኛውም ፊደል» ማለት ነው፤ ኮከብ ደግሞ «የፈለገውን ያህል»። ነጥብና ኮከብ ጎን ለጎን ሲቆሙ ከፊታቸው ያገኙትን ሁሉ ይውጣሉ።

«ኮከብ ሆዳም ናት» ይሉኝ ነበር ጋሽ ይልማ። «የት እንደምትቆም ካልነገርሻት አገር ትበላለች። ጥያቄ ምልክት አስከትዪላት፤ ያኔ በልኳ ትበላለች።»

ለመፈለግ እንዲያ ፈጣን የሆኑት ሰው ለመተካት ግን ያስለቅሱ ነበር። «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ የተገኘውን መስመር በሙሉ ማስመሪያቸውን እያወረዱ ጮክ ብለው ያነባሉ። ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ዝም ይላሉ። አንገታቸውን ወደ በሩ ዘንበል አድርገው ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ክፍል ውስጥ ስም የሚጠራ መምህር «አቤት» እስኪባል እንደሚጠብቀው። ከዚያ ያንን አንድ መስመር ይተኩና ወደሚቀጥለው ይወርዳሉ። ሁለት መቶ መስመር ከሆነ ሁለት መቶ ጊዜ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። እየቆየ ግን ይከብደኝ ጀመር። በክረምት፣ መብራት ጠፍቶ የጎሚስታው ማሽን ጸጥ ሲል፣ እሳቸው በላፕቶፕ ባትሪ ያነባሉ። አንድ መስመር፤ ዝምታ። አንድ መስመር፤ ዝምታ። ሳላስበው እኔም ሥራዬን አቁሜ ወደ በሩ እመለከታለሁ። ማን ይመጣል ብዬ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን ከመጨረሻው መስመር በኋላ ከወትሮው ረዘም አድርገው ጠበቁ፤ እኔ ተነስቼ ኮሪደሩን አየሁ። ሰው አልነበረም። ተመልሼ ስቀመጥ ምን ልታዪ ወጣሽ ብለው አልጠየቁኝም።

እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ። አንድ ጊዜ የአንድ መድኃኒት ቤት ፕሮግራም ውስጥ አንዲት አጭር ቃል በሌላ ለመቀየር «ሁሉንም ተካ» ብዬ ተጫንኩና ምሳዬን ልበላ ወረድኩ። ቃሏ ለካ በሌሎች ረጃጅም ቃላት ሆድ ውስጥም ተቀምጣ ኖራለች። ስመለስ ፕሮግራሙ ግማሹን መድኃኒት አያውቀውም። አለቃችን ጮኸብኝ፣ እኔም መልሼ ጮህኩ። ጋሽ ይልማ ግን ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡና ሁለት ቀን ሙሉ መስመር በመስመር አብረውኝ መለሱ። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። ስንጨርስ ብቻ፣ «አንቺ እድለኛ ነሽ» አሉኝ፣ «ያጠፋሽው መድኃኒት ነው።»

«እርስዎስ ምን አጥፍተው ያውቃሉ?» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«ሰው» አሉኝ።

የቀልድ አነጋገር አልነበረም። ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ በእግር እየሄድን ነገሩኝ። ኮምፒውተር እንደተማሩ የመጀመሪያ ሥራቸው የሰፈራቸው እድር ፕሮግራም ነበር። ጥሩምባ ነፊው አርፈው በቦታቸው የሚተካ ስለጠፋ፣ ሰው ሲሞት ለአባላቱ በሙሉ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠሩ። ጀማሪ ስለነበሩ የአባላቱን ስምና ስልክ ለብቻው አላስቀመጡም፤ እዚያው ኮዱ ውስጥ፣ አንድ ሰው በአንድ መስመር እያደረጉ ጻፉት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። የማተሚያ ቤት ልማድ ሆኖባቸው ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉ።

በኮድ ውስጥ ለራሳችን የምንጽፋቸው ማስታወሻዎች አሉ፤ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ይታጠራሉ፤ ኮምፒውተሩ አያነባቸውም። ጋሽ ይልማ አንድ ቀን ያረጁትን ማስታወሻዎች ሊያጸዱ ፈለጉ። «ከመክፈቻው ምልክት እስከ መዝጊያው ያለውን ሁሉ ፈልገህ በባዶ ተካ» አሉት። ነጥብና ኮከብ አስቀመጡ፤ ጥያቄ ምልክቱን ረሱ። «ሁሉንም ተካ» አሉ።

«ኮከቧ በመጀመሪያው መዝጊያ አልቆመችም» አሉኝ። «ከመጀመሪያው ማስታወሻ ተነስታ እስከ መጨረሻው ማስታወሻ ድረስ በመካከል ያለውን ሁሉ ዋጠችው። አርባ አንድ ሰው ነበር በመካከል። ፕሮግራሙ ምንም አላለም። ይሠራል፣ ይልካል። እኔም ለመጠባበቂያ የያዝኩትን ኮፒ በደስታ በእሱ ቀየርኩት። ግድግዳው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ሳስተያየው ረፍዶ ነበር።»

«ታዲያ አልመለሷቸውም?»

«ከእድሩ የወረቀት መዝገብ ላይ ስሙን እያየሁ፣ ስልኩን እየጠየቅሁ፣ የሞቱትን እየዘለልኩ መለስኩ። አርባ ሰው።»

ቆምን። መንገዱ ላይ የዊንጌት ተማሪዎች በግራና በቀኝ ያልፉናል።

«አንድ ይጎድላል፣ ሜሮን። ማን እንደሆነ አላውቅም። ቀጨኔን ቤት ለቤት ዞሬያለሁ፤ የጎደለ የለም ይሉኛል። ግማሹ ሰው በልማት ተነስቶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ሰፈራችንን አንድ ያደረገው ያ መልእክት ብቻ ነው። ያ ሰው የጎረቤቱ ሞት አይነገረውም፤ የእሱም ሲሆን አይነገርለትም። ሰውን ያለ ጠሪ አስቀርቼዋለሁ፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም።»

እኔ አጽናኝ አይደለሁም፤ ያለኝ ሙያዬ ብቻ ስለሆነ «መጀመሪያውኑ ቆጠራው ተሳስቶ ይሆናል» አልኳቸው። በማግስቱ ላፕቶፓቸውን ከፍተው አሳዩኝ። የአባላቱን መስመር የሚያወጣውን ሬጄክስ ጻፉ። ከስክሪኑ ግርጌ «212 ተገኝቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ማስመሪያቸውን ይዘው አብረን በእጅ ቆጠርን። 211።

እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ከዚያ የጻፉትን አየሁና ሳቅ መጣብኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ኮከብዎ ናት። ኮከብ ‹የፈለገውን ያህል› ስትል ምንም ከሌለም ‹ምንም›ን ትቀበላለች። ፋይሉ ካለቀ በኋላ ያለውን ባዶ ቦታ አንድ ብላ ቆጥራ ነው። ባዶ ነው።»

ማስመሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ባዶ ከሆነ ለምን ይቆጠራል?»

የሙያው መልስ ነበረኝ፤ እሳቸው የጠየቁኝ ግን እሱን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ የሚጠብቁት ምን እንደሆነ የገባኝ። የማንንም ኮድ ቢያነቡ ያን ሰው ነበር የሚጠሩት። እሑድ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ የተበተኑትን የሰፈር ሰዎች እየፈለጉ በየኮንዶሚኒየሙ ይዞራሉ። አንድ እሑድ አብሬያቸው ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ በር ከፈቱልን፤ ጋሽ ይልማን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምነው ጋሽ ይልማ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ከእናንተ የጎደለ ሰው አለ?»

«በስመ አብ! የምን ጎደለ?»

«ድሮ ሰፈር የምታውቁት፣ አሁን የማታዩት፣ ስሙ የጠፋባችሁ።»

ሴትዮዋ አማተቡና በሩን ቀስ አድርገው ገጠሙት። ከውስጥ «ይሄ ሰውዬ በሰላም አይደለም» ሲሉ ሰማሁ። ጋሽ ይልማም ሰምተዋል። ደረጃውን ስንወርድ እኔ ተቆጣሁ፤ «ይተዉት በቃ፣ ሰው እያስፈሩ ነው፣ ራስዎንም እየጎዱ ነው» አልኳቸው።

«ሲሞት እናውቀዋለን» አሉኝ ደረጃውን በማስመሪያቸው እየነኩ። «ያኔ ደግሞ ረፍዷል።»

ልባቸውን ሲያማቸው ሥራ ለቀቁ። ሽኝት ላይ ኬክ ቆረስን፣ ፎቶ ተነሳን፣ «እንጠያየቃለን» ተባባልን። አልተጠያየቅንም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ቀጨኔ ስደርስ መንደሩን አላወቅሁትም። ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በአንድ ወገኑ ፈርሶ የድንጋይ ክምር ሆኗል። በሌላው ወገን ከቀሩት ጥቂት ቤቶች ፊት ድንኳኑ ተተክሏል። ውስጡ አምስት ሰው ይሆናል፤ እትዬ ብርቄ ጥቁር ለብሰው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዲት መነኩሲት፣ የእድሩ ጸሐፊ። የቀረው አግዳሚ ሁሉ ባዶ ነው። ጸሐፊው መነጽራቸውን እየጠራረጉ ላፕቶፑን ሰጡኝ፤ የጋሽ ይልማ ላፕቶፕ ነው።

«የሟችን ስም ስንጽፍለት ነው ለሁሉም የሚልከው» አሉኝ። «የይልማን ስም ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ‹እንዲህ ያለ አባል የለም› ይለኛል። በስልክ እንዳልጠራቸው ቁጥራቸው ሁሉ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። በቃ ተበላሽቷል።»

አልተበላሸም ነበር። ኮዱን ከፍቼ ስማቸውን ፈለግሁ። ምንም አልተገኘም። በአባታቸው ስም ሞከርኩ። ምንም። «የወረቀቱ መዝገብ አለ?» አልኩ። ጸሐፊው ከፌስታል አውጥተው አቀበሉኝ። ገጾቹን ሳገላብጥ የጋሽ ይልማን ስም አጣሁት፤ በቤታቸው ረድፍ የተጻፈው የአባታቸው ስም ነው።

«አባታችን የመሠረቱት እድር ነው» አሉ እትዬ ብርቄ። «እሳቸው ሲሞቱ ይልማ በእግራቸው ተተካ። መዝገብ ማን ይቀይራል? ቤቱ ያው ቤት ነው።»

ከአባታቸው ስም አጠገብ በእርሳስ የተሰመረች ትንሽ መስቀል አለች። የጋሽ ይልማ እጅ ናት። የሞቱትን እየዘለልኩ መለስኩ ብለውኝ አልነበር? መጀመሪያ ኮዱን ሲጽፉ በራሳቸው ስም ገብተው ነበር ማለት ነው፤ ከመዝገቡ ሲመልሱ ግን አባታቸውን ዘለሉ፤ ከአባታቸው ጋር ራሳቸውን ዘለሉ። ስንት ዓመት በየደረጃው፣ በየበሩ፣ በየሰው ኮድ ውስጥ የጠሩት ሰው እሳቸው ነበሩ። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩ አለቀስኩ። መነኩሲቷ ጠጋ ብለው ጀርባዬን ደባበሱኝ፤ የዘመድ ለቅሶ መስሏቸዋል። የዘመድም ነበር።

ዓይኔን ጠርጌ ሥራዬን ያዝኩ። በመጀመሪያ የአባላቱን መስመር የሚያወጣ ሬጄክስ ጻፍኩ፤ ያቺን ኮከብ ሳላስገባ፣ ባዶ ነገር እንዳትቆጥርብኝ ተጠንቅቄ። ስክሪኑ «212 ተገኝቷል» አለኝ። በጣቴ ከላይ እስከ ታች ቆጠርኩ። 211። እንደገና ቆጠርኩ። 211። ከዚያ የጋሽ ይልማን ስምና ስልክ በአንድ አዲስ መስመር ጻፍኩና ፍለጋውን ደገምኩት። አሁንም «212 ተገኝቷል» ነው የሚለው። በጣቴ ስቆጥር 212።

ይህን ለባልደረቦቼ ነግሬያቸው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምክንያት ሰጥተውኛል። ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ፤ አንዱም አልሆነም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

«ይሠራል እንዴ?» አሉ ጸሐፊው።

«ይሠራል» አልኩና ስማቸውን አስገባሁ። እንዲህ ያለ አባል የለም አላለም። ላክ የሚለውን ተጫንኩ።

መጀመሪያ የጸሐፊው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። ከዚያ የጎረቤቶቹ፣ ተራ በተራ። በመጨረሻ ከእትዬ ብርቄ ነጠላ ውስጥ ሌላ ስልክ ጮኸ። አውጥተው አዩት፤ ጠዋት የደወሉልኝ የወንድማቸው ስልክ ነው። ያለ መነጽር ማንበብ ስለማይችሉ ለእኔ አቀበሉኝ።

«ምን ይላል?»

«‹ውድ የእድራችን አባል›» ብዬ አነበብኩ፤ «‹አቶ ይልማ ስላረፉ፣ ቀጨኔ በሚገኘው ቤታቸው ተገኝተው ለቅሶ እንዲደርሱ በአክብሮት እናሳውቃለን።›»

«እዚህ ስልክ ላይ ከዓመታት ወዲህ የእድር መልእክት ገብቶ አያውቅም» አሉ እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው። «ላኪው እሱ ስለሆነ ነው እንል ነበር።»

ስልኩን ተቀበሉኝና ጥቂት ጊዜ በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቁ።